የሻይ ደም

በእኛ ላብራቶሪ ጤነኛ ሰው ማለት ሻይ የጠጣ ሰው ማለት ነው።

የምናጠናው ልባቸው ላይ እንከን ይዘው ስለሚወለዱ ሰዎች ነው። ከታማሚው ደም ውስጥ የዘር ጽሑፉን እናነባለን፤ ከሌላው ሰው የተለየ ነገር ካገኘን፣ እንከኑን ያመጣው ያ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ከጤነኞች ጋር ማስተያየት ግድ ይለናል። ጤነኛ ደግሞ ሆስፒታል አይመጣም። ስለዚህ ጥናቱ ሲጀመር በአካባቢው የተገኘ ሁሉ እየተለመነ ደም ሰጠ፤ ዘበኛው፣ የጽዳት ሠራተኞቹ፣ ዕቃ ሊያደርስ የመጣ ሞተረኛ፣ ሰው ሊያስታምም መጥቶ ወረፋ ያሰለቸው። «የልብ ሕመም አለብህ?» ይባላል። «የለብኝም» ካለ እጅጌውን ይሰበስባል። ሲጨርስ ሻይና ብስኩት ይሰጠዋል። ቱቦው ላይ ቁጥር እንጂ ስም አይጻፍም። ከጊዜ በኋላ እኛው ለእኛው የሻይ ደም አልነው፤ ስሙም በዚያው ጸና።

የሻይ ደም ዳኛችን ነው። ታማሚ ላይ ያገኘነው ለውጥ የሻይ ደም ላይም ከታየ፣ ጤነኛ ሰው ይዞት እየኖረ ነውና ጉዳት የለውም እንላለን፤ እንጥለዋለን። በዚህ ዓይነት ብዙ ነገር ጥለናል፤ አብዛኛውንም በትክክል።

የዚያን ቀን ጠዋት ፕሮፌሰሩ ጣይው ያሉኝ ነገር ግን የተገኘው ከባሌ ደም ነበር።

ባሌ ሲወለድ በልቡ የላይኛዎቹ ሁለት ክፍሎች መካከል ቀዳዳ ነበረበት። በልጅነቱ ተዘጋለት፤ ዳነ ተባለ፤ እሱም እንደዳነ ሰው ኖረ። ቀያሽ ነበር። አንድ ቀን መንገድ ሲቀይስ መሣሪያው ላይ እንዳጎነበሰ ቀረ። ወዲያ ማዶ የመለኪያውን ዘንግ ይዞ የቆመው ባልደረባው የእጁን ምልክት ይጠብቅ ነበር። ብዙ ጠበቀ። ስለዚህ ጉዳይ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ከመሞቱ በፊት ለዓመታት የጥናታችን ተሳታፊ ነበር፤ የተዋወቅነውም ለክትትል ሲመላለስ ነው። ልጅ ሳንወልድ የቆየነውም በጥናቱ ምክንያት ነው። መልሱን እንወቅና እንወልዳለን ተባባልን። መልሱ ዘገየ። የናሙናውን ቁጥር እሱ ራሱ በቃሉ ያውቀው ነበር፤ ቤት ውስጥ ሲያኮርፍ «አንቺ እንደሆነ የምታውቂው ቁጥሬን ነው» ይለኝ ነበር።

የልብን ግድግዳ የሚያሠሩት ጂኖች እሱ ላይ ሁሉም ንጹሕ ነበሩ። አንድ ፊደል እንኳ አልጎደለም። ጉድለቱን ያገኘነው ዘንድሮ በመጣው ማሽን፣ ከጂኑ እጅግ ርቆ፣ ምንም የለበትም እያልን በረሃ በምንለው ቦታ ላይ ነው። በረሃው መካከል አንድ ቁራጭ የለም፤ ተቆርጦ ወድቋል። ቁራጩ ምን እንደሚሠራ ለማየት ከጤነኛ ደም ወስጄ፣ ከሚያበራ ነገር ጋር አያይዤ እንቁላል ውስጥ ባለ የጫጩት ፅንስ ላይ አስገባሁት። በራ። ዓይኑ አልበራም፣ ክንፉ አልበራም፤ የበራው ልቡ ብቻ ነው። እዚያም ቢሆን የላይኛዎቹን ክፍሎች የሚለየው ግድግዳ በሚነሳበትና ልብን «ምታ» የሚለውን ትእዛዝ ከላይ ወደ ታች የሚያደርሰው መስመር በሚዘረጋበት ቦታ ብቻ።

ማብሪያ ማጥፊያ ነው። አምፖሉ ጓዳ ውስጥ፣ ማብሪያ ማጥፊያው ግን የግቢው በር ላይ የተገጠመበት ቤት እንደማለት ነው። የባሌ አምፖል አልተቃጠለም፤ ማብሪያው ነው ከግድግዳው የተነቀለው። ከእናትም ከአባትም አንድ አንድ ቅጂ ስለምንወርስ ሌላኛው ይበራል፤ ብርሃኑ ግን ደብዛዛ ነው። በደብዛዛ ብርሃን ደግሞ ግንበኛ ይሳሳታል።

«ይኸውልሽ» አሉ ፕሮፌሰሩ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው። «የሻይ ደም ላይም አለ። ያውም ከመጀመሪያዎቹ ውስጥ። ጣይው።»

«አንድ ሰው ላይ ብቻ ነው፣ ፕሮፌሰር።»

«አንድ ይበቃል። ያ ሰው ይኼን ጊዜ ደረጃ ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ይወጣል። እንቁላልሽ በራ ተብሎ ጤነኛውን አልጋ ላይ ልናስተኛው ነው?»

«ከመጣሌ በፊት አንዴ ልየው።»

«እይው። ዓይን ያለው ማየት አይከለከልም።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሐዘን መልስ ፍለጋ ያስኬዳል። አውቃለሁ። ግን መልስ ያልሆነውን መልስ አያደርገውም» አሉ።

ወደ ጠረጴዛዬ ሄድኩ።

ሁለቱን ደሞች ጎን ለጎን ከፈትኳቸው። ሁለት ባዳ ሰዎች አንድ ዓይነት ጉድለት ሊኖራቸው ይችላል፤ ስለዚህ የተቆረጠውን ቦታ ብቻ ሳይሆን ግራና ቀኙንም አስተያየሁ። ገጠመ። ራቅ ብዬ አየሁ፤ ገጠመ። ሌላ ክሮሞዞም ከፈትኩ፤ እዚያም ረጅም መንገድ አብረው ይሄዳሉ፣ ይለያያሉ፣ ደግሞ ይገናኛሉ። ባዳ እንዲህ አይሄድም። እንዲህ የሚሄዱት የአንድ አባትና የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ሁለቱም ወንዶች ናቸው። ባሌ ደግሞ ያለው አንድ ወንድም ነው።

እጄን ከቁልፎቹ ላይ አነሳሁ።

ታሪኩን ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። እኔ ሳልቀጠር በፊት ባሌ ለመጀመሪያ ጊዜ ደም ሊሰጥ ሲመጣ ታናሽ ወንድሙ አጅቦት መጣ። ታላቁ ሻይ ሲቀርብለት አይቶ «ለእኔስ?» አለ። «ሻዩ ደም ለሚሰጥ ነው» አሉት። «ታዲያ ይኼ ምን ችግር አለው!» ብሎ እጅጌውን ሰበሰበ። ባሌ ይህን ባወራ ቁጥር «የኔ ወንድም ደሙን በሁለት ብስኩት የሸጠ ነው» እያለ እንባው እስኪፈስ ይስቅ ነበር።

ፕሮፌሰሩን ጠርቼ አሳየኋቸው። ስክሪኑ ላይ ብዙ ቆዩ።

«ጠይቀነው ነበር እኮ» አሉ በመጨረሻ። «የልብ ሕመም የለብኝም አለ።»

«እውነቱን ነው። የልብ ሕመም አለብህ ወይ አላችሁት እንጂ ወንድም አለህ ወይ አላላችሁትም።»

መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱት። «ቀዳዳ ቢኖርበት እስከ ዛሬ ይታወቅ ነበር።»

«ቀዳዳ ላይኖረው ይችላል። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው፣ ፕሮፌሰር። አንዱ ላይ ግድግዳው ይጎድላል፤ ሌላው ላይ ግድግዳው ሞልቶ መስመሩ ይደክማል። የመስመሩ ድካም ደግሞ በልጅነት አይታይም፤ ዕድሜ ጠብቆ ነው የሚመጣ።» ዋርሳዬ፣ ያ ታናሽ ወንድም፣ ዘንድሮ ባሌ የሞተበት ዕድሜ ላይ ደርሷል። ይህን አልተናገርኩም።

«ናሙናው ስም የለውም» አሉ። «ስም እንዳይኖረው ቃል የገባነው እኛ ነን። ለኮሚቴው እናቅርበው።»

«ኮሚቴው መቼ ይሰበሰባል?»

«በሚመጣው ወር።»

«ዋርሳዬ የክሬን ኦፕሬተር ነው።»

መነጽራቸውን አውልቀው በጋዋናቸው ጫፍ ይጠርጉ ጀመር።

«ስለ ናሙናው ቃል አይወጣኝም» አልኳቸው። «ግን ሰውየው ወንድሙ በልብ የሞተበት ነው፤ እኔም የወንድሙ ሚስት ነኝ። ልብህን ልየው ብል የየትኛውን ኮሚቴ ፈቃድ ነው የምጠይቀው?»

የልብ ምት መመዝገቢያዋን ማሽን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ በሩ ላይ ስደርስ «ቆዪ» አሉኝ። ይከለክሉኛል ብዬ ዞርኩ።

«ትንሿ ኢሲጂ ወረቀቷ ሊያልቅ ነው። አዲስ ጥቅል ይዘሽ ሂጂ።»

ታክሲ ውስጥ ሆኜ የዋርሳዬን ስልክ ሞከርኩ። ዝግ ነው። የክሬኑ ጋቢና ውስጥ ስልክ መክፈት ክልክል እንደሆነ ራሱ ነግሮኛል። ዝግ መሆኑ ደህና ነገር ነበር፤ ላይ ተቀምጦ እየሠራ ነው ማለት ነው። ላይ ተቀምጦ መሥራቱ ደግሞ ነበር የሚያስፈራኝ።

ሕንፃው ገና አጥንቱ ብቻ ነው የቆመው። ክሬኑ ከሁሉ በላይ ነበር፤ ጋቢናዋ ከታች ሲያዩዋት የክብሪት ቀፎ ታክላለች። የኮንክሪት መኪኖች በሩ ላይ ተሰልፈው ሞተራቸው ይጮሃል። አንድ ወፍራም ፎርማን ሬዲዮ ይዞ እየጮኸ መጣ።

«እሜቴ! እሜቴ! ያለ ሄልሜት የት ነው? ድንጋይ ቢወርድብሽ ለማን ላስረዳ ነው?» ከአንዱ ሠራተኛ ራስ ላይ ሄልሜት ነጥቆ ሰጠኝ። «ማንን ነው?»

«የክሬን ኦፕሬተሩን። ዘመዱ ነኝ።»

«ጎረቤትን? ዛሬ? ዛሬ ሙሌት ነው እኮ! እንኳን አንቺ የወለደችው ብትመጣ አይወርድም።»

ዋርሳዬን ጎረቤት የሚሉት ከደመና ጋር ግድግዳ ይጋራል ብለው ነው። ፎርማኑ ሙሌት ማለት ምን እንደሆነ አስረዳኝ፤ ከተጀመረ አይቆምም፣ ከቆመ የፊተኛው ይደርቃል፣ ከኋለኛው ጋር አይያያዝም፣ ወለሉ በዚያ በኩል እንደተሰነጠቀ ይቀራል። ይህን ሲያስረዳኝ ከራሳችን በላይ ኮንክሪት የሞላ ባልዲ በገመድ ተንጠልጥሎ አለፈ። ከሥሩ ሰዎች ቀና ሳይሉ ይሠራሉ።

«አስቸኳይ ነው» አልኩ።

ፊቱ ተለወጠ። «ሰው ሞተ እንዴ?»

«ማንም አልሞተም።»

«እና ምንድን ነው?»

ልብ የምትለዋን ቃል እዚያ ብጠራት ዋርሳዬ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋቢናዋን አያያትም፤ ወረቀቱ ምንም ባያሳይ እንኳ። ሁለት ሴት ልጆች አሉት። አማቴም የምትኖረው በእሱ ነው። ሳላይ ልናገር አልችልም፤ ለማየት ደግሞ መውረድ አለበት።

«የቤተሰብ ጉዳይ ነው» አልኩ። «እኔው ልንገረው፤ ሬዲዮውን ስጠኝ።»

ፎርማኑ ሰማይ ሰማይ አየ፤ ሬዲዮውን አልሰጠኝም፤ ራሱ ጠራው።

«ጎረቤት፣ ጎረቤት። እንግዳ አለህ።»

«ቆንጆ ከሆነች መሰላሉን አሳዩዋት» አለ ሬዲዮው። «አስቀያሚ ከሆነ መሰላሉ ተሰብሯል በሉት።»

ብረት የሚያስሩት ሳቁ። በየወገባቸው ሬዲዮ ነበራቸው።

«የወንድምህ ሚስት ነች።»

ፎርማኑ ሬዲዮውን እጄ ላይ አስቀመጠልኝ።

«እትዬ?» ድምፁ ሌላ ሆነ። «ምን ሆነሽ ነው? እማዬ ናት?»

«እማዬ ደህና ናት። ልጆቹም ደህና ናቸው። ሁሉም ደህና ነው፤ አትደንግጥ። ውረድልኝ ብቻ።»

«አሁን?»

«አሁን።»

«እትዬ፣ ሙሌት ላይ ነኝ እኮ። ማታ ቤትሽ እመጣለሁ።»

«ማታ አይሆንም።»

ትንፋሹ ተሰማኝ። ካልደነገጠ ይቀልዳል፤ እንዲያ ነው። «ምነው፣ ልታገቢ ነው እንዴ? ከሆነ ከዚሁ ልመርቅሽ፤ ለሰማይ ቅርብ ነኝ።»

ግቢው በሙሉ ሳቀ። ፎርማኑም ሳቀ። ባልዲው አየር ላይ ቆሟል። እኔ ባልዲውን እያየሁ ነበር፤ አሁን፣ በዚህች ቅጽበት፣ ያ መስመር ቢደክም ብዬ። ከቀብሩ ወዲህ ለእሱ በአፌ ያላወጣሁትን ቃል ማንንም በማላውቅበት ሕዝብ መካከል አወጣሁት።

«ወንድምህ ከሞተ ጀምሮ አንድ ነገር ለምኜህ አውቃለሁ?»

ሳቁ ቆመ። ሬዲዮው ሽሽ ይላል። አንዱ ኮንክሪት የሚገፋው አካፋውን አቁሞ ቀና አለ። መልስ የለም። ባልዲው አይንቀሳቀስም። አንድ ሰው ለማሰብ ስንት ጊዜ ይፈጅበታል? አንድ ሰው ለመውደቅስ? «ጎረቤት?» አለ ፎርማኑ ከእጄ ላይ ወደ ሬዲዮው አጎንብሶ። «ጎረቤት፣ ተሰማህ?»

የክሬኑ ክንድ ቀስ ብሎ ዞረ። ባልዲው ወርዶ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

«እየወረድኩ ነው» አለ ሬዲዮው።

እፎይ ልል ነበር። ከዚያ የጋቢናዋ በር ተከፍቶ ሁለት እግሮች መሰላሉን ሲፈልጉ አየሁ፤ ያን ጊዜ ነው የሠራሁት ሥራ የገባኝ። ወንበር ላይ ተቀምጦ የነበረን ሰው በገዛ አፌ መሰላል ላይ ሰቀልኩት። ከላይ እስከ ታች ብረት ብቻ ነው። በየመሃሉ ማረፊያ ሰሌዳ አለ፤ ከሰሌዳ ሰሌዳ ባዶ አየር ነው።

ወረደ። አንዱን ማረፊያ አለፈ። ሁለተኛውን አለፈ። ግማሽ ላይ ሲደርስ ቆመ። አንድ ክንዱን ብረቱ ውስጥ አሳልፎ አጠላለፈና ግንባሩን መሰላሉ ላይ ደገፍ አደረገ። አጎነበሰ።

«ሲጋራ ነው» አለ ፎርማኑ። «ትንፋሽ የለውም። ተው ብለው አልሰማ ብሎኛል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።»

ዋርሳዬ ሲጋራ አያጨስም።

የሄልሜቱን ማሰሪያ ጨብጬ ቆምኩ። ብጠራው ይደነግጣል። ዝም ብል ምን እንደምጠብቅ አላውቅም። ወዲያ ማዶ ዘንግ ይዞ የቆመው ሰውዬ ምን ተሰምቶት እንደነበር ለመጀመሪያ ጊዜ አወቅሁ፤ እስከዚያን ቀን በልቤ እወቅሰው ነበር፤ ለምን ቶሎ አልሮጥክም እያልኩ።

እግሩ ተንቀሳቀሰ። ወረደ።

የሲሚንቶ መጋዘኑ ውስጥ አስገባሁትና በሩን ዘጋሁ። ላብ አጥምቆት ነበር።

«ምንድን ነው እትዬ? ሰው ፊት እንደዚያ ብለሽ...»

«ሸሚዝህን አውልቅና እዚያ ጣውላ ላይ ተኛ።»

«እትዬ!»

«አውልቅ አልኩህ እኮ።»

«ፎርማኑ በር ላይ ነው። የሌለ ስም ልታወጪልኝ ነው።»

ማሽኗን ከቦርሳዬ ሳወጣ ሲያይ ቀልዱን አቆመ። ቀስ ብሎ ቁልፎቹን ፈታ።

«ወንድምህ በምን እንደሞተ ታውቃለህ» አልኩት። «አንተንም ልይህ ብዬ ነው።»

«እሱ ቀዳዳ ነበረው። እኔ ድፍን ነኝ። አስተማሪዎቼም ይሉኝ ነበር፣ ድፍን ራስ።»

«አሁን አታውራ። ስታወራ መስመሩ ይረበሻል።»

ደረቱ ላይ ያለውን አቧራ በመሐረቤ ጠርጌ ገመዶቹን ለጠፍኩ። ወረቀቱ ከማሽኗ እየተሳበ መውጣት ጀመረ።

መጀመሪያ ትንሽ ኮረብታ ትመጣለች፤ የላይኛዎቹ ክፍሎች ተናገሩ ማለት ነው። ቀጥሎ ረጅሙ ሹል ይመጣል፤ የታችኛዎቹ ሰምተው መቱ ማለት ነው። በመካከላቸው ትንሽ ሜዳ አለች። የዋርሳዬ ሜዳ ትንሽ አልነበረችም። ኮረብታ፣ ረጅም ሜዳ፣ ሹል። ኮረብታ፣ ረጅም ሜዳ፣ ሹል። ትእዛዙ ይደርሳል፤ ግን እየተጎተተ ነው። ከዚያ አንዲት ኮረብታ መጣች። ሜዳው ቀጠለ። ቀጠለ። ሹሉ አልመጣም። በቦታው ሌላ ኮረብታ መጣች።

ፊቴን እያየ ነበር። ፊቴን ከሰው መደበቅ ለምጃለሁ፤ የዚያን ጊዜ ግን የቻልኩ አይመስለኝም።

«ክሬኑ ነው እያልኩ ነበር» አለ በቀስታ።

«ምኑ?»

«ነፋስ ሲመጣ ይወዛወዛል፤ ያ ልማድ ነው። አንዳንዴ ግን ነፋስ ሳይኖር ይወዛወዝብኛል። ዓይኔ ጥቁር ይላል፤ ወዲያው ይመለሳል። ቅድም መሰላሉ ላይም...»

«ለማን ነገርክ?»

«ለማን ልንገር? ለፎርማኑ ብነግረው እንጀራዬን በገዛ እጄ መቁረጤ ነው። ለእማዬ ብነግራት አንዱን ቀብራለች። ለሚስቴ ብነግራት ለእማዬ ትነግራታለች።»

«ለእኔስ?»

ጣሪያውን አየ። «አንቺ ስለ እሱ ማውራት አትወጂም። እኔ ደግሞ ስለ ልብ ለማውራት ከእሱ መጀመር ነበረብኝ።»

ወረቀቱን ከማሽኗ ቆርጬ ወሰድኩ።

በሩ ተደበደበ። «ጎረቤት! ኮንክሪቱ እየደረቀ ነው! ሠርግ ነው ወይስ ምንድን ነው!»

ገመዶቹ ደረቱ ላይ እንዳሉ ተነስቶ ተቀመጠ። «ሙሌቱን ልጨርስና አብረን እንሄዳለን። እሺ? ብዙም አይቀረው። ተቀምጬ እኮ ነው የምሠራው።»

«አይሆንም።»

«እትዬ፣ ስንት ጊዜ ሆኖኛል፣ ሁልጊዜ ይመለሳል። ዛሬ ትቼው ብሄድ ነገ ማን ያስገባኛል?»

ልለምነው አስቤ ነበር። ልጮህበትም አስቤ ነበር። በፋንታው ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘረጋሁት።

«አንብበው» አልኩት። «ይቺ ትንሿ፣ ከታች ሆኖ አንሳ የሚልህ ምልክት ሰጪ ናት። ይኼ ረጅሙ፣ አንተ ሰምተህ ያነሳኸው ነው። እያየህ ሂድ።»

ጣቱን በወረቀቱ ላይ አስኬደ። ጣቱ ላይ የደረቀ ቅባት አለ። አንሳ፣ አነሳ። አንሳ፣ አነሳ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ባዶዋ ቦታ ላይ ሲደርስ ቆመ፤ ወደ ኋላ ተመለሰ፤ እንደገና መጣ።

«እዚህ ጋ ተናገረ» አለ። «ማንም አልመለሰለትም።»

«አዎ።»

«ባልዲውን አንጠልጥዬ ቢሆንስ?»

የመጋዘኑ መስኮት አቧራ ለብሷል፤ በእሱ በኩል ወለሉ ላይ ያሉት ሰዎች ይታያሉ፣ አንዱ ጫማውን እያራገፈ፣ ሁለቱ ተደጋግፈው። ብዙ አያቸው።

«ቀና ብለው አያዩም እኮ» አለ። «እኔን አምነው ነው።»

ሸሚዙን አነሳ። በሩን ራሱ ከፈተ።

«ሌላ ኦፕሬተር አስወጣ» አለው ፎርማኑን።

«ምን? አብደሃል? ለምን?»

«አሞኛል።»

«ምንህን?»

ወደ እኔ አየ። ታድነኛለች ብሎ ሳይሆን ምስክር እንድሆነው መሰለኝ።

«ልቤን» አለ።

ፎርማኑ መጀመሪያ ክሬኑን አየ፣ ቀጥሎ ከሥሩ ያሉትን ሰዎች፣ ቀጥሎ ዋርሳዬን። ይሳደባል ብዬ ተዘጋጀሁ፤ ተሳደበም፤ ግን ስድቡን እየተሳደበ የገዛ መኪናውን ቁልፍ ለሾፌሩ ወረወረለት። «ከመጀመሪያው አይባልም? ሰው አይደለንም? ሂዱ! ሄልሜቴን መልሱ!»

መኪናው ውስጥ ከኋላ ተቀመጥን። የእጁን አንጓ ያዝኩት። ምቱ በጣቶቼ ሥር ይመጣል፣ ይመጣል፣ ይዘገያል፣ ይመጣል።

«ያኔ ደሜን ሲወስዱ ሻይና ሁለት ብስኩት ሰጥተውኝ ነበር» አለ። «ዛሬ ደረቅ ነው?»

ምላሴን ነከስኩ። ቃል ገብቻለሁ። «ስትወጣ እገዛልሃለሁ።»

«ሁለት ብስኩት።»

«ሁለት።»

መንገዱ ተዘጋግቷል። ሾፌሩ ጡሩምባውን አንቋረረው። ዋርሳዬ ራሱን መደገፊያው ላይ ጥሎ ዓይኑን ጨፈነ። በጣቶቼ ሥር መጣ። መጣ። ዘገየ። ፊቱ እንደ ሲሚንቶ ነበር።

«አትተኛ» አልኩት። «አውራ።»

«ምን ላውራ?»

«የፈለግከውን። ድምፅህን ልስማው።»

ትንሽ አሰበ። «የማውቀው ወሬ ሁሉ እሱ አለበት፣ እትዬ።»

በቤቴ ስለ ባሌ አይወራም። እንግዳ ሲጀምር ወሬ አስቀይራለሁ፤ ሰዉም ለምዶልኛል። ያለኝ ትንሽ ነው፤ በሰው አፍ ሲመላለስ ያልቃል ብዬ እፈራለሁ። ጣቶቼ ሥር አንዲት ምት ቀረች።

«አውራ» አልኩት።

ዓይኑን ገለጠ። «ቀዳዳው የተዘጋለት ሰሞን ነው። መሮጥ ክልክል፣ መዝለል ክልክል፣ ዛፍ መውጣት ክልክል። ጎረቤታችን ግቢ አንድ ትልቅ ዛፍ ነበር። አንተ ውጣ አለኝ፣ እኔ ከታች ሆኜ እለካዋለሁ። ገመድ ሰጠኝ። ጫፏ ድረስ ይዤ ወጣሁ። ምን ይታይሃል ይለኛል፣ እኔ እጮሃለሁ፤ ጣሪያ፣ መንገድ፣ የእማዬ ሻሽ ገመድ ላይ። እሱ ከታች ገመዱን ይለካል። ከዚያ ና ውረድ አለኝ። ታች አየሁ። እግሬ ከዳኝ።»

«ከዚያስ?»

«አለቀስኩ እንጂ! እማዬን ልጥራት አልኩት። ብትጠራት አንተም ትገረፋለህ እኔም እገረፋለሁ አለኝ። ግንዱን አቅፌ ቀረሁ። እሱ መውጣት አይችል፣ እኔ መውረድ አልችል።»

መኪናው ድንገተኛ ክፍሉ በር ላይ ቆመ። ወረቀቱን ለሐኪሟ ሰጠኋት። ቆማ ማየት ጀመረች፤ ባዶዋ ቦታ ላይ ስትደርስ ቀና ብላ ራሷ አልጋውን ጎተተችው። «አሁኑኑ አስገቡት። ምቱን የሚያስጠብቅ መሣሪያ ያስፈልገዋል» አለች። አስተኙት። ገፉት። እኔም ከጎኑ እየሮጥኩ ነበር፤ አንጓውን አልለቀቅኩም።

«ከታች ሆኖ ያየኛል» አለ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። «ግራ እግርህን ወደ ታች፣ ይለኛል። ቅርንጫፍ አለ፣ ይታየኛል፣ እርገጥ። አሁን ቀኙን። አንተ ዓይንህን ጨፍን፣ እኔ አይልሃለሁ።»

«እስከዚህ ነው» አለችኝ ነርሷ። ጣቶቼን ከእጁ ላይ አነሳችልኝ። በሩ ሊዘጋ ነው።

«ከዚያስ?» ብዬ ጮኽኩ። በኮሪደሩ ያሉት ሰዎች ዞረው አዩኝ። እንባዬ አገጬ ላይ ደርሷል፤ አልጠረግኩትም።

በሩ ተዘጋ። አልጋው ሲንገጫገጭ ይሰማል፤ ሰው ሲያዝዝ ይሰማል። ከዚያ ሁሉ ውስጥ፣ ከሩቅ፣ ድምፁ መጣ።

«ከዚያማ ወረድኩ!»